ሐዋሳ ላይ የሆት ዶግ ጋሪ ልጀምር ነው፤ ከመውጣቴ በፊት ምን ላስተካክል?

የታቦር ልጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሐዋሳ ነው፣ ታቦር ተራራ ሥር። ሦስት ዓመት ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ስፌት ላይ ሠርቼ ጥር ላይ ለቀቅሁ። ዕቁብ ሲወጣልኝ በገንዘቡ የሆት ዶግ ጋሪ አሠራሁ። ብየዳ ቤቱ 42 ሺህ ብር ወሰደብኝ። ላዩ ስቴንለስ፣ ጎኑ ላሜራ ነው። ሁለት ምድጃ አለው፣ ከሥሩ የጋዝ ሲሊንደሩ ይገባል፣ ጃንጥላውም ተሰክቶ የሚነቀል ነው። ወንድሜ ቀይ ቀባውና በቢጫ «ሆት ዶግ» ብሎ በትልቁ ጻፈበት። አልቆ ሳየው እንባዬ መጣ።

ባለፈው ቅዳሜ ለሙከራ በራችን ላይ አቆምኩትና ለጎረቤት 24 ሠራሁ። የሆነውን ልንገራችሁ፣ ምክራችሁም ከዚያ ይነሳ። መጀመሪያ የመጡት ፊት ለፊታችን ያሉ እናት ናቸው። ጽሑፉን አነበቡ፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ዶግ ማለት ውሻ አይደለም እንዴ?» አሉኝ። የበሬ ሥጋ ነው ብላቸው «እሺ» ብለው ሳይቀምሱ ሄዱ። ቀጥሎ አንድ ጎረምሳ መጣና «የማን ሥጋ ነው?» አለኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። እኔ ፓኬቱን እያገላበጥኩ ስፈልግ እሱ ቆሞ ይጠብቀኛል። በመጨረሻ «በቃ ይቅር» ብሎ ሄደ። ቋሊማውን የፈላ ውሃ ውስጥ ስለጨመርኩት ግማሹ ተሰነጠቀ። ዳቦው የጠዋት ስለነበር ስከፍተው እየተገመሰ ለሁለት ተከፈለ።

ሒሳቤ እንዲህ ነው። አንዱ ቋሊማ 48 ብር፣ ዳቦ 12፣ ሽንኩርትና ማባያ ከሶፍቱ ጋር 11፣ ጋዝ 4፤ ድምር 75 ብር። ወንድሜ በ90 እንሽጥና ሰው ይልመደው ይላል። እኔ ግን 15 ብር ትርፍ ሙሉ ቀን መቆሜን የሚከፍል አልመሰለኝም።

ቦታውንም አልቆረጥኩም። ፍቅር ሐይቅ ይሻላል ወይስ ዩኒቨርሲቲው በር? ጾም ሲገባስ ምን እሸጣለሁ? በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ካላችሁ ሳትደብቁ ንገሩኝ። ያለኝ ገንዘብ ይኸው ነው።


እርጥብ በአዳማ፦

እህቴ እንኳን ደስ አለሽ። እኔ አዳማ ፍራንኮ አካባቢ እርጥብ ነው የምሸጠው፣ ድንች በዳቦ በዳጣ። ስለ እሳቱ ብቻ ልንገርሽ። አዳማ ነፋስ እንደሆነች ታውቂያለሽ፣ የነፋስ ኃይል ማመንጫው እዚህ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ምድጃዬን በላሜራ እስካስከልለው ድረስ እሳቱ እየተበተነ አንድ ሲሊንደር ግማሽ ዕድሜውን አይቆይልኝም ነበር። እናንተም ጋ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳ ነፋስ አለ። ብየዳ ቤቱ በሦስት ጎን አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ይከልልልሽ። የሲሊንደሩ ሳጥን ግን ከወለሉ ላይ ቀዳዳ ይኑረው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ካፈሰ ታች ነው የሚተኛው፣ መውጫ ካጣ እዚያው ይጠራቀማል። ጠዋት ጠዋት ጎማውንና መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀቢው። አረፋው እየተነፋ ከመጣ ክብሪት እንዳትጭሪ።

በ90 ደግሞ አትሽጪ። ደንበኛ 90 ከለመደ በኋላ 110 ስትይው የተሰረቀ ነው የሚመስለው።


የድሮው ጋሪ፦

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ እዚሁ ሐዋሳ አምስት ዓመት በጋሪ ቋሊማ ሸጫለሁ፣ አሁን በዚያው ሥራ ትንሽ ቤት ከፍቻለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ታገሺኝ።

ከስሙ ልጀምር። የእናትየዋን ጥያቄ እንደ ስድብ እንዳታይው። እሳቸው ስለሚያውቁሽ ጠየቁሽ። የማያውቅሽ መንገደኛ አንብቦ፣ ፊቱን አዙሮ ያልፋል፣ ለምን እንዳለፈም አታውቂም። «ሆት ዶግ» የሚለውን አታጥፊው፣ ወጣቱ በሱ ነው የሚያውቀው። ከሥሩ ግን በዚያው መጠን «የበሬ ቋሊማ በዳቦ» ብለሽ ጻፊና ዋጋውን አስከትዪ። ዋጋ ያልተጻፈበት ጋሪ ጋ ሰው ለመጠየቅ ያፍራል፣ ጓደኞቹ ካሉ ደግሞ ይብስበታል።

«የማን ሥጋ ነው?» የሚለው ከሁሉም ይበልጣል። ከተማችን ኦርቶዶክሱም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ ካቶሊኩም፣ ሙስሊሙም የሚኖርባት ናት። ሥጋ ቤቶቻችን መስቀልና ጨረቃ የሚሰቅሉት ለዚሁ ነው። «ለሁሉም ይሆናል» የሚል መልስ ማንንም አያሳርፍም። አቅራቢሽን ማን እንዳረደው ጠይቂው፣ ቁርጥ ያለ መልስ ካልሰጠሽ ሌላ ፈልጊ፣ ያገኘሽውን መልስ ጋሪው ላይ ጻፊ። እኔ በጀመርኩበት ዓመት ማንም እንዳይቀርብኝ ብዬ ሁለቱንም ዓይነት ያዝኩ። ድስቱ ሁለት ነበር፣ ቢላው አንድ። አንድ ቀን አንድ ሙስሊም ደንበኛዬ፣ ጨዋ ሰው፣ ዳቦ ስከፍት ቢላውን አየና «ወንድሜ፣ ይህ ቢላ አሁን የቱን ቆርጦ ነው?» አለኝ። ዝም አልኩ። ገንዘቡን ሳይጠይቅ ሄደ፣ እኔም ተከትዬ መለስኩለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዓይነት ብቻ ያዝኩ፣ ለማይበላውም በግልጽ እነግረው ነበር። ተመልሶ የመጣ ብዙ ነው፤ ከቋሊማው ሌላ ለምሸጠው የድንች ጥብስ።

አሁን ስለ ቋሊማው። ውሃው እንዲፈላ አትፍቀጂ። ድስቱ ሥር ሰሊጥ የሚያህል አረፋ ሲያበቅል እሳቱን ቀንሺ፣ ከዚያ ቋሊማውን ጨምሪ። ሰባት ስምንት ደቂቃ ውስጥ ይወጠራል፣ ቆዳው ያብረቀርቃል። ያኔ አውጥተሽ ዘይት በነካ ብረት ላይ እያንከባለልሽ ጎን ጎኑን ጠበስ አድርጊው። ሰውን የሚጠራው የጥብሱ ሽታ ነው፣ ቅቅሉ ብቻውን አይሸትም። ሽንኩርቱንም እዚያው ብረት ላይ አቁላዪ፣ ከ10 ሰዓት ጀምሮ እንዳይቋረጥ። ለዳቦው ከዳቦ ቤት ጋር ተነጋገሪ፤ ረዘም ያለ፣ ቅርፊቱ ለስላሳ፣ ከሰዓት የሚወጣ ይሁን። እስከ ጫፍ አትቅደጂው፣ አንድ ጣት ያህል አስቀሪ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነሽ እንፋሎቱ ላይ ግማሽ ደቂቃ ብታቆዪው አይገመስም።

ማባያ ላይ ካትቻፑን የፈለገ ይጠይቅሻል። እዚህ ከተማ ዳጣ ከሌለሽ ግን አይሆንም፣ ዓሣውን በዳጣ የለመደ ሰው ነው። ዳጣውን የዕለቱን ለዕለት ፍጪ። ሰናፍጭም አስቀምጪ። ፈረንጆቹ ሆት ዶግ ላይ የሚያደርጉት ቢጫ ነገር ያው ሰናፍጭ ነው፣ የእናቶቻችን ደግሞ ይበልጥ አፍንጫ ይገባል።

አንድ የማልረሳው ነገር አለ። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ቋሊማ የሚልክልኝ ሰው ነበረኝ። አንድ ቀን አውቶብሱ ተበላሽቶ አመሸ። ካርቶኑን ስከፍት በረዶው ሁሉ ውሃ ሆኗል፣ ፓኬቱ ተነፍቷል። አንዱን አውጥቼ በአውራ ጣቴ ስነካው እንደ ተልባ ውሃ ተለጠጠ። የአምስት ሺህ ብር ዕቃ ነው፣ ለሰውየው ከፍያለሁ። በሆምጣጤ አጠብኩት፣ ደህና አድርጌ ጠበስኩት፣ ሸጥኩት። በማግስቱ ሁለት ተማሪዎች መጥተው ጓደኛቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰው እንዳደረ ነገሩኝ። አልጮሁብኝም። የሐኪም ቤቱን ከፈልኩ፣ ልጁም ዳነ። ከዚያ ዶርም ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድም ልጅ ወደኔ አልመጣም፣ ትክክልም ነበሩ። የተለጠጠ ወይም ፓኬቱ የተነፋ ካየሽ አታሽቺው፣ አትቅመሺው፣ ጣዪው። ለአንድ ካርቶን የሚሆን ገንዘብ ለይተሽ አስቀምጪ፤ ያ ገንዘብ ካለሽ ለመጣል እጅሽ አያመነታም።

ብር የሚቀበል እጅ ዳቦ አይንካ። ወንድምሽ አብሮሽ ከቆመ እሱ ብር፣ አንቺ ምግብ። ብቻሽን ከሆንሽ የቴሌብሩን ኮድ ላሚኔት አድርገሽ ደንበኛው በሚቆምበት በኩል ለጥፊ። ጓንት አድርጎ ብር የሚቀበል አይቻለሁ፣ ያ ከባዶ እጅ ይብሳል፤ ባዶ እጅ ቢያንስ ይታጠባል። ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካንና ሳሙና ሰው በሚያይበት ጎን ይሁን። ደንበኛው ራሱም ይታጠብበት፣ እኛ እጁን ሳይታጠብ መብላት የማይወድ ሕዝብ ነን።

ቦታን በተመለከተ ሁለቱም ጋ ቆሜያለሁ። ዩኒቨርሲቲው በር ከሰኞ እስከ ዓርብ ይሠራል፣ ተማሪው ሲዘጋ ግን ጭር ነው። ፍቅር ሐይቅ ቅዳሜና እሑድ፣ ከ10 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት። እዚያ ሁለት ጠላት አለሽ። አንዱ ጦጣ ነው፤ ዳቦሽ ክዳን ከሌለው አንድ ደቂቃ ዞር ስትዪ ከረጢቱን ይዞ ዛፍ ላይ ነው። ሌላው ሲመሽ ከውሃው የሚነሳው ትንኝ። ነጭ አምፖል ከሆነ ደመና ሆኖ ይወርድብሻል፣ ዳጣው ውስጥ ይገባል። ቢጫ አምፖል አድርጊ፣ እሱንም ከምግቡ ራቅ አድርገሽ ስቀዪ። አንዱን መርጠሽ ሁለት ወር ሙሉ በዚያው ሰዓት ቁሚ። የምትቆሚበትን ቦታ ፈቃድ ደግሞ በወረቀት ያዥ፣ የጤና ምርመራ ካርድሽንም ጋሪው ላይ ስቀዪ።

ጾሙን በደንብ አስቢበት። አሁን በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ ገበያው በዚህ እንዳያታልልሽ። ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ የሐዋርያት ጾም ይገባል፣ እስከ ሐምሌ 5። ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ። ከዚያ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም፣ ቀጥሎ 55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም። በነዚህ ቀናት ግማሽ ደንበኛሽ የለም። እኔ የጾም ድንች ጥብስ በዳቦና ፌልፌል እሸጥ ነበር። ዘይቱም፣ መጥበሻውም፣ መቆንጠጫውም የተለየ ነው፤ እጀታውን አረንጓዴ ቀብቼ ሰው እንዲያየው አደርግ ነበር። ዓሣን በጾም የሚበላም የማይበላም ስላለ ከክርክሩ ብትርቂ ይሻላል። በዐቢይ ጾም ቋሊማውን ከነጭራሹ ሳላወጣ የቀረሁበት ዓመት ግን ተሳስቻለሁ። የማይጾመው ደንበኛዬ ሌላ ቦታ ለመደ። ትንሽም ቢሆን ይኑርሽ፣ በሌላኛው ምድጃ።

ዋጋ 120 አድርጊው። 75 ያልሽው ሁሉም ሲሸጥ ነው። ከአሥር አንዱ የሚበላሽ ወይም የሚተርፍ ከሆነ ወጪሽ 83 አካባቢ ይገባል፤ የጋሪ ማሳደሪያና የባጃጅ ገና አልቆጠርሽም።


የታቦር ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁሉንም በደብተር ገለበጥኩት። ዛሬ አቅራቢውን ደውዬ ጠየቅኩት፤ መጀመሪያ «ምን ያደርግልሻል?» አለኝ፣ ከዚያ የቄራውን ወረቀት በስልክ ላከልኝ። የክርስቲያን ነው። ወንድሜ ነገ ይጽፈዋል።

ሁለት ነገር ልጨምር። እኛ ሰፈር መብራት ይጠፋል፣ ቋሊማውን ፍሪጅ ውስጥ ለስንት ሰዓት ላምነው? ሞቆ የተረፈውንስ ለነገ ማሳደር ይቻላል? ደግሞ 120 ብር ብዬ ስጽፍ እርጥብ በዚያ ዋጋ ሁለት ይገዛል የሚለኝን ምን ልበለው?


ላብራቶሪ፦

የምግብ ሳይንስ ነው ያጠናሁት፣ የሥጋ ጥራት ምርመራ ላይ እሠራለሁ። የፍሪጁን እኔ ልመልስልሽ። ቋሊማ ከ5 ዲግሪ በታች ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ሁለት ሦስት የሃይላንድ ላስቲክ ውሃ ሞልተሽ በረዶ አድርጊና ከላይኛው መደርደሪያ አስቀምጪ፣ ቅዝቃዜ ወደ ታች ይወርዳል። ጋሪ ላይም በነዚሁ ላስቲኮች አይስ ቦክስሽን ሙዪ።

የታሸገው ቋሊማ የበሰለ ስለሆነ ብዙ ሰው ቀዝቃዛውን ቢበላ ምንም አይለውም ብሎ ያስባል። ሊስትሪያ የሚባል ባክቴሪያ አለ፣ ፍሪጅ ውስጥም ይራባል፣ ለነፍሰ ጡር ሴት በተለይ አደገኛ ነው። ስለዚህ መሐሉ 74 ዲግሪ እስኪደርስ አሙቂው፣ ከዚያ ከ60 በላይ አቆዪው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጋሼ «ሰሊጥ የሚያህል አረፋ» ያሉት ከዚያ በታች ስለሆነ ለቋሊማ ተስማሚው ነው። ባለ ሹል የምግብ ቴርሞሜትር ግዢ፣ ከአንድ ካርቶን ቋሊማ ይረክሳል። ሞቆ ጋሪ ላይ የዋለን አታሳድሪ። ስለዚህ በአንዴ ስምንት ስምንት ብቻ ጨምሪ።


ከዲሲ፦

የሐዋሳ ልጅ ነኝ፣ አረብ ሰፈር ያደግኩ። ዋሽንግተን ዲሲ ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬ በሰው ጋሪ ላይ ሆት ዶግና እነሱ ሀፍ ስሞክ የሚሉትን ወፍራም ቋሊማ መሸጥ ነበር። እዚህ ጋሪ ቤት አያድርም፤ የተፈቀደ ማደሪያ ይገባና ማታ ይታጠባል፣ ጠዋት ከዚያው ተሞልቶ ይወጣል። አንቺም አምፖሉ እንደጠፋ ሳይሆን ጋሪው እንደታጠበ ሥራ ጨረስኩ በዪ። ማታ የደረቀ ስብ ጠዋት አይለቅም።

ስለ ዋጋው አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ናታን ሀንድወርከር የሚባል ከፖላንድ የመጣ ስደተኛ በ1916 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ኮኒ አይላንድ ላይ በ300 ዶላር ቁጠባ ሆት ዶግ መሸጥ ጀመረ። ቀድሞ ተቀጥሮ ይሠራበት የነበረው ትልቁ ቤት 10 ሳንቲም ሲሸጥ እሱ 5 ሳንቲም አደረገው። ሰው በርካሽነቱ ተደስቶ ብቻ አልሮጠም፣ «ምን ሥጋ ቢሆን ነው?» ብሎ ጠረጠረ። ነጭ የሐኪም ጋወን የለበሱ ሰዎች መሸጫው ፊት እንዲበሉ አደረገ ይባላል። በ90 ብር የሚሸጥ ቋሊማም በእኛ አገር ያንኑ ጥያቄ ያስነሳል። ለሚከራከርሽ ሰው መልሱ «እርጥብም ጥሩ ነው፣ ይህ ሥጋ ነው» ይበቃል። እርጥብ የምትሸጠውን ልጅ ግን እንዳታጣጥዪ፤ ሳንቲም የምትዘረዝርልሽ እሷ ናት።


የታቦር ልጅ፦

ሰባት ቀን ሆነኝ፣ ቃል ስለገባሁ መጣሁ። ፍቅር ሐይቅን መረጥኩ። የመጀመሪያ ቀን 30 ይዤ 19 ሸጥኩ፣ ትናንት እሑድ 41። የተረፈው ሁሉ አይስ ቦክስ ውስጥ ያልሞቀ ስለነበር አልጣልኩትም፣ ስምንት ስምንት ያላችሁኝ ትልቁን ገንዘብ አዳነልኝ። ሞቆ የተረፈ ሦስት ብቻ ነው፣ እኔና ወንድሜ በላነው።

«የበሬ ቋሊማ በዳቦ» የሚለውን እያነበቡ የሚቆሙ ሽማግሌዎች አሉ። አንድ ሙስሊም ወጣት ከእጮኛው ጋር መጥቶ ጽሑፉን አይቶ «ስለጻፍሽው አመሰግናለሁ» ብሎ ድንች አዘዘ፣ መጥበሻውንም ጎንበስ ብሎ አየ። ደስ አለኝ። ጦጣው አንዴ መጥቷል፣ ክዳኑ ላይ ቆሞ ሄደ።

ያልተፈታልኝ ዝናቡ ነው። ሐሙስ ዕለት ድንገት ወረደ፣ ጃንጥላው ለጋሪው እንጂ ለሰው አልበቃም። ዘጠኝ ሰው ቆሞ ነበር፣ ሁሉም ወደ ዛፉ ሮጠ፣ ብረቱ ላይ የነበሩት ስድስቱም ውሃ ገባባቸው። ክረምቱ ሲመጣ ምን ይሻለኛል?


የድሮው ጋሪ፦

ስፌት ታውቂያለሽ፣ ገንዘብ አታውጪ። የጭነት መኪና ሸራ አሮጌውን በሜትር የሚሸጡ አሉ። ከጃንጥላው አንድ ክንድ ተኩል አልፎ ወደ ደንበኛው የሚዘረጋ አድርገሽ ስፊው፤ ጫፉ ላይ እጥፍ ተዪና ቀጭን የብረት ቧንቧ አስገቢበት፣ ሁለት እግር ይኑረው። ወደ ምድጃው በኩል እንዳይዘረጋ፣ ሸራ እሳት ይይዛል። ውሃው ከመሐል እንዳይጠራቀም ወደ አንድ ጎን ዘንበል ይበል፣ ወደ ጀሪካኑ ጎን። ሐምሌ ላይ የቆመልሽ ሰው ለመጠለል ነው የሚመጣው፣ ቆሞ ሽንኩርቱን እያሸተተ ብዙም አይቆይም፣ ያዛል።